ጓዝሽን ሸክፊ

የክሩቤልን ዘፈን ያበላሹት አንድ ቃል ሳይቀይሩ ነው። ግጥሙ ያው ነው፤ ዜማውም ያው ነው። የተለወጠው የሚዘፍነው ድምፅና የሚዘፈንበት ሰዓት ብቻ ነው። በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም፤ ክሩቤል ጠይቆ አረጋግጧል።

ዘፈኑ የሠርግ ዘፈን ነበር። በ2034 ዓ.ም. ክሩቤል ገና ጎረምሳ ሳለ ለገዛ ሠርጉ የገጠመው፣ ሙሽራዋ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ የሚዘፈን፦

ተነሺ እንግዲህ ጓዝሽን ሸክፊ፣
ዞረሽ እንዳታዪ ወንዙን ስታልፊ፤
ሰፈሩ ቢያዝንም ጎረቤት ቢከፋ፣
ቤት ተሠርቶልሻል ከዚህኛው የሰፋ።

ቀልዱ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ክሩቤል ያኔ የተከራያት ክፍል አልጋ ከገባባት ሰው የማታስቆም ነበረች፤ ሠርገኛው ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ «ቤት ተሠርቶልሻል» ከማለቱ በፊት አኮርዲዮኑን እንደከፈተ ዝም ይላል። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሰው መሳቅ ይጀምራል። ከዚያ ውሸቱን ይዘፍናል። ሙሽራዋ ሶሊያና ያን ቀን ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ነበረች ይባላል።

ክሩቤልን የቀዳው ሰው አልነበረም። ዘፈኑ ግን በሰው በሰው ከተማውን አዳረሰ። አርባ ዓመት ያህል ያለዚህ ዘፈን ሙሽራ ከቤት አልወጣችም። ዝምታውን እያንዳንዱ ሠርግ እንደራሱ አደረገው፤ የሙሽራው እናት ክፉ ናት ከተባለ ዝምታው ይረዝማል፣ ሙሽራው እውነትም ቤት ካለው ሰው ያጨበጭባል።

ከዚያ የከተማው ማሳወቂያ ማዕከል ወረቀት መለጠፍ አቆመ። ወረቀት ይቀደዳል። በስልክ የሚላክ መልእክት አይነበብም። ሰው ሲላክ ተደብድቦ ይመለሳል። ዘፈንን ግን ማንም አይቀድም። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ በየመንገዱ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንድ የቆየ የፍቅር ዘፈን ይሰማል። መብራት ሊጠፋ ሲል እሹሩሩ ይመጣል። የቆሻሻ መኪና ትዝታ እየተጫወተ ያልፋል፤ ሴቶች ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ። ለሰፈር ማንሣት የክሩቤል ዘፈን ተመረጠ። ምርጫው ትክክል ነበር፤ ይህን እሱም አይክድም። ማን እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚይዝ፣ በየት እንደሚሄድና ምን እንደሚጠብቀው በአራት መስመር የሚናገር ሌላ ዘፈን አልተገኘም።

አዲሱን ቅጂ የምትዘፍነው ሴት በሕይወት የለችም፤ ኖራም አታውቅም። ድምፅዋ ግን ደስ ይላል። ስኳር ልትበደር ብቅ ያለች ጎረቤት ትመስላለች። ማለዳ ትጀምራለች፣ ሰፈሩ እስኪለቅ እየደጋገመች ትዘፍናለች። ዝምታውን አውጥተውታል። «ቤት ተሠርቶልሻል» የምትለው ሳትተነፍስ ነው፤ ስለዚህ የሚስቅ የለም። ሰው ያምናታል።

ማዕከሉ ማንንም በግድ አያስወጣም። ዕቃው ደጅ የወጣ ቤት እንደተለቀቀ ይቆጠራል። የምሰሶ ዓይኖች፣ ካሜራዎቹ፣ ፍራሽ ይቆጥራሉ፤ ከሰፈሩ ግማሹ ፍራሹን ካወጣ አፍራሽ ማሽኖቹ ራሳቸው ተነሥተው ይመጣሉ። የሚያዝዛቸው ሰው የለም። ስለዚህም የሚጠየቅ ሰው የለም።

አሥር ዓመት በዚህ ሁኔታ አለፈ። ልጆች ዘፈኑን የሚያውቁት «የመነሻው» በሚል ስም ነው። አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ ዜማውን ሲሰማ ጫማውን ይፈልጋል። ታክሲ ውስጥ ሳያስበው ያንጎራጎረውን ሰው ረዳቱ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ያወርደዋል፤ ተሳፋሪውም ረዳቱ ልክ ነው ይላል። ሠርግ ላይ የሚዘፈኑት አሁን ምንም የማይሉ ዘፈኖች ናቸው። «ኦሆ፣ ኦሆ፣ ዛሬ ነው» ይላሉ፤ ምን ዛሬ እንደሆነ አይናገሩም። ምንም የማይል ዘፈን ማንም አይወስድብህም።

ክሩቤል አኮርዲዮኑን ከቁም ሣጥን ላይ አውርዶ አቧራውን መጥረግ የጀመረው አንድ ልጁ ትርሲት ልታገባ መሆኗን በነገረችው ሳምንት ነው። ትርሲት ኮሌጅ ውስጥ ስታትስቲክስ ታስተምራለች። እናቷ ሶሊያና ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ክሩቤል ምን ሊዘፍን እንዳሰበ ለማንም አልተናገረም፤ ነገር ግን ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ሲሞክር ጎረቤት ሰማው።

ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ነበሩ፦ የእድሩ ሊቀመንበር ናሆድ፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር ማቲያስ፣ እና ጉልበቷን የሚያማት እትዬ ሃሴት። ሳሎን ገብተው በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ክሩቤል።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ናሆድ።

«ልጅቷ እንደሆነች ተጠይቃ አልቃለች። ዘግይታችኋል።»

ሃሴት ሳቋን ዋጠች። ናሆድ አልሳቀም። «ልጅህን አይደለም። ዘፈኑን ፈልገን ነው የመጣነው። እንዳትዘፍነው።»

ትርሲት ወጥ ቤት ሆና ትሰማ ነበር። ናሆድ ንግግሩን ተዘጋጅቶበታል። ሸንኮር ሜዳ የሚባል ሰፈር ክርስትና ላይ አንድ የሰከረ ሰው ዜማውን በፉጨት ቢያሰማ ሁለት ጎረቤት ዕቃ ማውጣት ጀምሮ በስንት ልመና እንደተመለሰ ተናገረ። የእነሱ ሰፈር ጠጠር ሜዳ ለመነሣት ገና ተራው አልደረሰም፤ ማንም ሳይጠራቸው ለምን ራሳቸውን ይጠራሉ? ክሩቤል ዘፈኑ የእሱ እንደሆነ፣ ለሚስቱ እንደገጠመው፣ ሃሴት ራሷ በእሱ ዘፈን እንደተዳረች አስታወሳቸው።

«እኔማ ተድሬበታለሁ» አለች ሃሴት። «ሠርጌ ላይ ዝም ስትል ባሌ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። እሱን አልረሳሁም። ግን ባለፈው እሑድ መኝታ ቤትህ ሆነህ ስትጫወት ሰማሁህ፤ አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ፣ ማንም እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ እጄ ግን ብርድ ልብስ ሲያጥፍ አገኘሁት።»

«ያንተ ነበር፣ ክሩቤል» አለ ናሆድ። «አሁን ሰው ጉልበት ውስጥ ገብቷል።»

ክሩቤል ሻይ እንዲመጣ ጠየቀ። እነሱም አልተቀመጡም። ሻይ መጥቶ ቀዘቀዘ። ማቲያስ ኮፍያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። ሃሴት ክብደቷን ከቀኝ ጉልበቷ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ታመላልሳለች፣ በመጨረሻ ግድግዳውን ተደገፈች። ያሸነፈው የሃሴት ጉልበት ነው። ክሩቤል እያያት መቆየት አልቻለም።

«ትርሲት ትሙት፣ አልዘፍንም» አለ።

ሦስቱም ተቀመጡ። ቀዝቃዛውን ሻይ ጠጡት፤ መርቀውትም ሄዱ።

ትርሲት ከወጥ ቤት ወጥታ፣ እሷን ሳይጠይቅ በእሷ መማሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው። ዕዳ አለብኝ ብሎ ልጁን እንደሚያስይዝ ሰው ነህ አለችው። ከዚያ የምታምንበትን ነገረችው። ትርጉም የሚባለው ነገር ልማድ ነው፤ ልማድ የሚሰበረው በተቃራኒ ምሳሌ ነው። ሰው ዘፈኑን አሥር ዓመት ከምሰሶ ሰምቶታል፤ አንድ ጊዜ ከሰው፣ ሠርግ ላይ፣ በዝምታው ቢሰማው ያስታውሰዋል። አስታውሶ ከሳቀ ደግሞ ምሰሶው ላይም ይስቅበታል። የሚሳቅበት ማስታወቂያ ማንንም አያስነሣም። ክሩቤል አዳመጣት። ማንም እንዲህ አሳምሮ ተከራክሮለት አያውቅም። ቃል ሰጥቻለሁ ብቻ አላት።

ሠርጉ ቅዳሜ ነበር። ድንኳኑ ከክሩቤል ደጅ ጀምሮ መንገዱን ይዞ ተተክሏል። ሙሽራው ኢዩኤል ከወንዙ ማዶ ሚዜዎቹን ይዞ መጣ። ምግቡ ተበላ፣ ምንም የማይሉት ዘፈኖች ተዘፈኑ። ሙሽራ የምትወጣበት ሰዓት ሲደርስ አጫዋቹ «ኦሆ፣ ኦሆ፣ ዛሬ ነው» የሚለውን ከፈተ። ኢዩኤል እጇን ያዘ። ትርሲት አልተነቃነቀችም።

«አባዬ የእማዬን ካልዘፈነ አልወጣም» አለች።

አጫዋቹ ዘፈኑን ዝቅ አደረገ። ናሆድ ከመቀመጫው ግማሽ ተነሣ። ሃሴት፣ «እባክሽ፣ ልጄ» አለች።

«የማለው በእኔ ሞት ነው። እኔ ፈትቼዋለሁ።»

ክሩቤል አኮርዲዮኑን ለምን ድንኳኑ ድረስ እንዳመጣው የጠየቀው ሰው አልነበረም። ወንበሩ ሥር ነበር። አነሣው።

ድምፁ አርጅቷል፤ ቀስ ብሎ ነው የጀመረው። «ተነሺ እንግዲህ» ሲል ድንኳኑ ውስጥ ማንኪያ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛው መስመር ላይ ሃሴት ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ከኋላ ያሉ ሽማግሌዎች አብረው ያዙት፤ ትርሲት በልቧ «ስሌቴ ልክ ነበር» አለች። ከዚያ ክሩቤል አኮርዲዮኑን እንደከፈተ ዝም አለ። ቀና ብሎ የድንኳኑን ሸራ አየ።

የሳቀ የለም።

ሰው ፈርቶ አልነበረም። ሁሉም ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ የሚጠብቁት እሱን ነበር። ዝምታው ለመዘጋጀት ፋታ ሰጣቸው። ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ሕፃን ከእናቱ ጭን ወርዶ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ አንድ ጫማውን ይዞ ወጣ። ሌላ ሰው መነጽሩን ኪሱ ከተተ። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ዘጋች። ትርሲት ፊታቸውን አንድ በአንድ እያየች ነበር፤ ማን እንደሚጀምር ትጠብቃለች። ክሩቤል ያየው ሸራውን ብቻ ነው። ጠበቀ፣ ከተለመደው በላይ ጠበቀ፣ ከዚያ ውሸቱን ዘፈነው።

ተጨበጨበ። እልል ተባለ። ትርሲት አባቷን ስማ መኪናው ውስጥ ገባች። ወንዙን ሲሻገሩ ለኢዩኤል ከዚህ የተሻለ ሊሆን እንደማይችል፣ ሰዎቹ በደንብ እንዳዳመጡ ነገረችው። ዞራ አላየችም።

የሆነውን ያወቀችው በማግስቱ፣ ለመልስ ስትመጣ ነው። ድፎ ዳቦው በሚዜዎቹ ጭን ላይ ነበር። መኪናው ከዋናው መንገድ ወደ ጠጠር ሜዳ ሊታጠፍ ሲል የሚታጠፍበት መንገድ አጣ። ማሽኖቹ ሥራቸውን እየጨረሱ ነበር፤ ሁለቱ ተመልሰዋል፣ ሦስተኛው የእድሩን አዳራሽ ግድግዳ ከጣሪያው ለይቶ እየከመረ ነው። ድንኳኑ ታጥፎ፣ በሥርዓት ታስሮ፣ አስፋልቱ ዳር ተቀምጧል።

የሮጠ ሰው አልነበረም። እንግዶቹ እንኳን ደስ አላችሁ ብለው በየቤታቸው ገብተዋል። ክሩቤል የዘፈነው ለልጁ እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ፤ ማንም ማስታወቂያ ነው ብሎ አላመነም። ሃሴት ፍራሿን ደጅ ያወጣችው ለማንኛውም ብላ ነው። ጎረቤቷ የሃሴትን ፍራሽ አይቶ ለማንኛውም ብሎ የራሱን አወጣ። ማቲያስ ሁለቱን አይቶ፣ ሰዎቹ የሰሙት ነገር ቢኖር ነው ብሎ አልጋውን ፈታ። ናሆድ ቤት ለቤት እየዞረ መልሱ፣ አስገቡ፣ ዘፈን ነው ሲል አመሸ። እሱ ሲዞር ሚስቱ የቤታቸውን ዕቃ ደጅ አውጥታ ጨርሳ ነበር። ሲነጋ ዓይኖቹ ቆጠሩ። ከግማሽ በላይ ነበር።

መልሱ የተደረገው ወንዙን አልፎ ካሉት ሕንፃዎች በአንደኛው፣ ሃያ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ለክሩቤል በደረሰችው ክፍል ውስጥ ነው። ሚዜዎቹ ተራ በተራ ገቡ፤ ሁሉንም አንድ ላይ አልያዘችም። ጎረቤቶቹም መጡ፤ እነሱም እዚያው ሕንፃ፣ በየፎቁ ተበትነዋል። ትርሲት የሚሳደብ ሰው ጠብቃ ነበር። ሲሳደብ የምትመልሰውን ሳይቀር አዘጋጅታለች። ማንም አልተሳደበም። ሃሴት ሳህን ይዛ መጣች። ናሆድ ገባ፣ ሳይለመን ተቀመጠ።

«ድምፅህ ግን አልተነካም» አለው ለክሩቤል። «ያው ነው።»

ከዚያ በኋላ ክሩቤል አንድ ወር ያህል አኮርዲዮኑን ከአልጋው ሥር አላወጣም። ትርሲት ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ኮሌጅ ውስጥ ተማሪዎቿ ስለ ሠርጓ ሲጠይቋት ጥሩ ነበር ትላለች። ለማዕከሉ ሦስት ጊዜ ጻፈች፤ ምሰሶዎቹ ያን ዕለት ምንም እንዳላሰሙ፣ ሰፈሩም በራሱ ፈቃድ እንደተነሣ ተጽፎ መጣላት። ውሸት አልነበረበትም።

አንድ ቅዳሜ ስትመጣ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ አገኘች። ከማዕከሉ የመጣች፣ ኖላዊት የምትባል፣ በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃለች። ሁለቱ ሻይ ይዘዋል። ኖላዊት ከወንበሯ ተነሥታ እጅ ነሣቻት፣ ለሠርጓም እንኳን ደስ አለሽ አለቻት።

ንግግሯ ትሑት ነበር። ጠጠር ሜዳ ማዕከሉን እንዳስገረመው ተናገረች። አንድ ሰፈር ለመነሣት የእነሱን ቅጂ ከማለዳ እስከ ማታ መስማት አለበት፤ እሱም ሆኖ ዘወትር የሚቀሩ፣ የሚያለቅሱ፣ ድንጋይ የሚወረውሩ አሉ። ጋሽ ክሩቤል የዘፈኑት አንድ ጊዜ ነው። ድንጋይ አልተወረወረም። ቅሬታ ያቀረበችው አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ይህን ስትል ወደ ትርሲት አላየችም። የእነሱ ቅጂ ደስ ይላል እንጂ የሰው አይደለም፤ የጋሽ ክሩቤልን ድምፅ ሰው የሚሰማው እንደ ዘመድ ምክር ነው። ፈቃዳቸው ከሆነ ዛሬውኑ ልትቀዳቸው መጥታለች።

ትርሲት አባቷ እንግዳዋን እስኪያስወጣት ጠበቀች።

«ዝምታውን ታወጡታላችሁ?» አለ ክሩቤል።

«ኧረ በፍጹም» አለች ኖላዊት። «የመጣነው ለእሱ ነው። ሰው የሚነሣው እዚያ ላይ ነው።»

ክሩቤል በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሙያውን የሚያውቅለት ሰው ያገኘ ይመስል ነበር።

«አባዬ» አለች ትርሲት። «የእማዬ ነው እኮ።»

«እናትሽ ስቃለች» አላት። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። «እኔ እዚያ ላይ ዝም የምለው ለምን ነበር? ሰው እንዲስቅ። ድንኳኑ ውስጥ ስንት ሰው ነበር? ጠበቅኩ። አንቺም አልሳቅሽም፣ ትርሲት። ሰው ስትቆጥሪ ነበር።»

እውነቱን ነው።

«መነሣታቸው ካልቀረ» አለ ክሩቤል፣ «ከሰው ይስሙት። ያቺ የምሰሶዋ ሴትዮ ትንፋሽ እንኳ የላትም።»

አኮርዲዮኑን ከአልጋው ሥር ስቦ አወጣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ማሰሪያውን ትከሻው ላይ ሲያስተካክል ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ከወር ወዲህ እንዲህ ሆኖ አላየችውም። ኖላዊት ከቦርሳዋ የክብሪት ቀፎ የምታህል መቅጃ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻዩ ብርጭቆ አጠገብ አቆመች። የሻዩን ብርጭቆ እንዳይንቃጨል አነሣችው። ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠች። የአሳንሰሩ ድምፅ እንደሚገባ፣ ልጆችም ኮሪደሩ ላይ እየሮጡ እንደሆነ በትሕትና ተናገረች።

ትርሲት ቦርሳዋን አነሣች። ኮሪደሩ ላይ የሚሮጡት የጠጠር ሜዳ ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱን በስም ታውቃቸዋለች። ወጥታ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አስባለቻቸው። ከኋላዋ አኮርዲዮኑ ሲከፈት ሰማች። እጀታውን ይዛ፣ ድምፅ እንዳይሰጥ ቀስ ብላ እየሳበች፣ መቆለፊያው እስኪይዝ ድረስ በሩን ዘጋችው።